አንድ እጅጌ የቀረው ኮት

ልጅ ሳለሁ፣ በእኛ ሰፈር ደባርቅ ላይ፣ ተረት የሚያልቀው ልብስ ሲያልቅ ነበር። ጎረቤታችን አያ ሞላ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መሸት ሲል ፋኖሳቸውን ከስፌት መኪናው በላይ ሰቅለው፣ አንድ ልብስ በጀመሩ ቁጥር አንድ ተረት ይጀምሩልናል፤ የመጨረሻውን ክር በጥርሳቸው በጠስ ሲያደርጉ ተረቱም እዚያው ያበቃል። የሸሚዝ ተረት አጭር ነው፤ የኮት ግን ብዙ ማታ ይፈጃል። ስለዚህ እኛ ልጆች የሰው ሁሉ ኮት ቢቀደድ አንጠላም ነበር። ያኔ የከሰል ካውያቸውን ክዳን ሲከፍቱ ፍሙ ፊታቸውን ያቀላው ነበር፤ የሞቀው ሱፍ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

እናቴ ለታላቅ ወንድሜ ለአላምረው ኮት አዘዘችለት። የዚያ ኮት ተረት ስለ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሞት ራሱ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይመጣና «ካባ ስፋልኝ፤ የጨረስህ ዕለት ይዤህ እሄዳለሁ» ይለዋል። ሰፊው ምን መላ እንደመታ ለመስማት አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶን ነበር። አላምረው «ነገ ቀድሜ ነው የምቀመጠው!» እያለኝ እየሣቅን ወደ ቤት ገባን።

በማግስቱ አፈሳ መጣ። የቀበሌ ጥበቃዎች ገበያውን ከበው ጎረምሳውን ሁሉ ለውትድርና ካሚዮን ላይ ጫኑት፤ አላምረውም አብሮ ተጫነ። እናቴ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ እየጮኸች ከኋላ ሮጠች። ስትመለስ ቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ አያ ሞላ ዘንድ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አያ ሞላ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፤ ያን እጅጌ እንዳይሰፉት!»

«ኧረ ተነሽ ልጄ፣ ተረት እኮ ነው!»

«ተረትም ቢሆን! ልጄ እስኪመጣ እንዳያልቅብኝ።»

ኮቱ አንድ እጅጌ እንደጎደለው አያ ሞላ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሰሜን ግንባር ነው ከሚል ወሬ በቀር ምንም አልሰማንም። በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ እናቴ ብል እንዳይበላው ታወርደውና፣ አቧራውን ለማራገፍ እኔን ታለብሰኛለች። መጀመሪያ ጉልበቴን አልፎ ይወርድ ነበር። ከዓመት ዓመት እያጠረ ሄደ። እናቴ ግን የምታየው አቧራውን ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ትከሻዬ ላይ ልክክ አለ።

እናቴ እጇ ኮቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ታናሽቱ የታላቅ ወንድሜን ዕድሜ ደርሼ ፊቷ ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን አልመጣም። ድምጿ እንደ በሽተኛ ደክሞ፣

«አያ ሞላ፣ ይጨርሱት» አለች።

አያ ሞላ ፋኖሱን ለኮሱ። እጅጌውን ሲገጥሙ የመኪናው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ተረቱን አልቀጠሉም። እኔም «ከዚያስ?» ለማለት አልደፈርኩም። ክሩን ሊበጥሱ ጎንበስ ሲሉ ጥርሳቸው እምቢ አላቸው። እናቴ መቀሱን አንስታ ራሷ ቆረጠችው።

ኮቱን እኔው ለበስኩት፤ የደባርቅ ብርድ ኀዘንተኛንም አይምርም። አያ ሞላ የተረቱን መጨረሻ ለማንም ሳይነግሩ ሞቱ። ዛሬ ልጆቼ ያንን ተረት ሲያስጀምሩኝ አንድ እጅጌ የቀረበት ቦታ ላይ ስደርስ አቆማለሁ።

«እማዬ፣ ከዚያስ ሰፊው ምን ሆነ?» ይሉኛል።

«ገና እየሰፋ ነው» እላቸዋለሁ።