አቶ ኩማ እንዳሉት

ቅድስት የየት ሰፈር ሰው ናት? ይህን ጥያቄ እስካሁን በትክክል የመለሰ አልተገኘም። የተወለደችበት ቦዲቲ ስትሄድ አልጋዋን ታናሽ ወንድሟ ይዞታል፤ ጎረቤቱም «እንግዳ መጣላችሁ» ይላል። ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ባለው ሰፈር ደግሞ ስድስት ዓመት ኖራለች። የትኛው ውሻ እንደሚጮህ፣ የትኛው ሳይጮህ እንደሚነክስ ለይታለች። ግን ተከራይ ናት። ተከራይ ማለት፣ በሰፈሩ የልማት ኮሚቴ አነጋገር፣ «ነገ የት እንደሚሄድ የማይታወቅ ሰው» ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ምንያህል ቤት ገዝተው ወደ ሰፈሩ ከገቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። እሳቸው ግን ነገ የት እንደሚሄዱ ይታወቃል፤ ቤታቸው።

ቅድስት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሸሚዝ አንገትጌ ትሰፋለች። እጅጌ አይደለም፣ ኪስ አይደለም፣ አንገትጌ ብቻ። ስንት የተከበረ ሰው እሷ በሰፋችው አንገትጌ ታንቆ ስብሰባ እንደመራ ቤቱ ይቁጠረው። ከሥራ ጓደኛዋ ከሶልያና ጋር የአቶ ኩማን ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አቶ ኩማ ራሳቸው አዳማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ቤታቸውን ዞር ብለው ካዩት ሦስት ዓመት አልፏል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅድስት ተረኛ ባልነበረችበት ቀን፣ ሶልያና ብቻዋን ከማታው ፈረቃ ስትመለስ የድርጅቱ አውቶቡስ እንደ ወትሮው አስፋልቱ ላይ አወረዳት። ጎርፍ መውረጃው ቦይ ጋ ካለው መታጠፊያ ስትደርስ አንድ ሰው ካላለቀው ፎቅ ውስጥ ወጥቶ ስልኳን ነጠቃት፣ ገፍትሮም ቦዩ ውስጥ ጣላት። የፊት ጥርሷ ተሰበረ። «እዚያ ጋ መብራት ካልቆመ ሰኞ አገሬ እገባለሁ» አለች፤ ስትናገር «ሰ» በተሰበረው ጥርስ በኩል እያፏጨባት። ሶልያና ከሄደች ቅድስት ያን መታጠፊያ ብቻዋን ልታልፈው ነው። እሱን ደግሞ አትችልም።

እንዳጋጣሚ ሰፈሩ መብራት አገኘ። በፀሐይ የሚሠራ፣ ረጅም ምሰሶ ያለው፣ አንድ ፍሬ መብራት። የት እንደሚተከል ለመወሰን ስብሰባ ተጠራ። ደብዳቤው ለቤት ቁጥር 418 አባወራ ተጽፎ በበሩ ስር ገባ። ቅድስት አዳማ ደወለች።

«አንቺው ሂጂልኝ እስቲ» አሉ አቶ ኩማ። «የቀረ ይቀጣል።»

«ምን ልበልልዎት?»

«ምንም። ቁጭ በይና ሲያልቅ ፈርሚልኝ።»

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ። እሑድ ያልሆነው ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ስለሚውሉ ነው፤ ማታ ያልሆነው ደግሞ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለሁሉም ይመቻል ተባለ። ቅድስት በዚያ ሳምንት ሌሊት ገቢ ነበረች፤ ከፓርኩ የወጣችው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። «ሁሉም» ውስጥ ስላልነበረች ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ ሄደች።

የእድሩ አዳራሽ ውስጥ ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ ትልልቆቹ ድስቶች ተደፍተው ተቀምጠዋል። ጸሐፊው መምህር ደሳለኝ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስም መጥራት ናፍቋቸው ስለነበር እያንዳንዱን ቤት በረጅሙ ይጠራሉ።

«ቁጥር 418!»

«አለሁ» አለች ቅድስት።

አቶ ምንያህል መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ማን ነሽ?»

«የአቶ ኩማ ተከራይ ነኝ።»

«ተከራይ እዚህ አይናገርም እኮ።»

«ልከውኝ ነው።»

መምህር ደሳለኝ ደንቡን ገለጡ። «ተወካይ ይፈቀዳል፣ አቶ ምንያህል። ተወካይ ናት።»

«ተወካይ ነሽ ወይስ ተከራይ?»

«ሁለቱንም።»

«እዚህ አንዱን ብቻ ነሽ» አሉ ሰብሳቢው። በዚህ ዓይነት ቅድስት በአንድ ጊዜ ከፍም ዝቅም ብላ ተቀመጠች።

ውይይቱ ተጀመረ። አቶ ምንያህል መብራቱ «ለሰፈሩ ገጽታ» ሲባል ከአዳራሹ ፊት ለፊት እንዲቆም አሰቡ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው የእሳቸው በር መሆኑ እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር ነው። ወይዘሮ ሮማን ደግሞ ሱቃቸው ጋ ቢቆም «ሕዝቡ ይገለገላል» አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ገጽታና አገልግሎት ተከራከሩ። ከተከራካሪዎቹ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በእግሩ የሚንቀሳቀስ አንድም ሰው አልነበረም። ቅድስት እንቅልፍ ዓይኗን ሲጋርደው ጭኗን እየቆነጠጠች ቆየችና እጇን አወጣች።

«እኔ ማታ ከሥራ ስመለስ መታጠፊያው ጋ...»

«የኔ እህት» አሉ አቶ ምንያህል፣ በትዕግሥት። «ያንቺን አይደለም የጠየቅነው። የአቶ ኩማን ሐሳብ ነው።»

አቶ ኩማ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የመቀጣት ፍርሃት ብቻ ነው። ቅድስት ዙሪያዋን አየች። አስራ ስድስት ቤት ይጠብቃታል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አቶ ኩማ እንዳሉት» ብላ ጀመረች፤ መምህር ደሳለኝም ብዕራቸውን አነሱ። «መብራቱ መቆም ያለበት ቦዩ ጋ ነው። እዚያ ሰው ይደበቃል። እዚያ ጋ ሲደርሱ ልባቸው ይመታል።»

«የማን?»

«የአቶ ኩማ።»

«ውይ፣ እኚህ ሰውዬ» አሉ ወይዘሮ ሮማን።

«ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን ያወልቃሉ» ቀጠለች ቅድስት። ልታቆም ብትፈልግም አፏ አልቆመም። «ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከመታጠፊያው እስከ በራችን ይሮጣሉ። ባለፈው ድንጋይ ቆርጧቸዋል። ባለቤት ያለው ውሻ እንኳ ወደ ቤቱ ሲገባ አይፈራም ይላሉ አቶ ኩማ።»

ስኳር ያለባቸው የሰባ አንድ ዓመቱ አቶ ኩማ አዳማ ተቀምጠው ሀዋሳ ላይ በባዶ እግራቸው ሲሮጡ ማንም አልሳቀም። እንዲያውም ከኋላ አንዱ «የሰፈር ሰው ማለት ይህ ነው፤ ርቆ እንኳ ይቆረቆራል!» አለ። መምህር ደሳለኝ እያንዳንዱን ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈሩ። ይህንኑ ቃል ሶልያና፣ ከንፈሯ አብጦ፣ የኮሚቴው በር ላይ ቆማ ተናግራው ነበር። ያን ቀን ቃለ ጉባኤ የያዘ አልነበረም።

አቶ ምንያህል ግን መብራቱ ከበራቸው ሲርቅ ታያቸው። «እስቲ ራሳቸውን እንጠይቃቸው» ብለው ስልካቸውን አወጡና ድምፁን ከፍ አደረጉት። አሁን ሶልያናም ቤቱም በአንድ ስልክ ሊሄዱ ነው።

«አቤት» አሉ አቶ ኩማ።

አቶ ምንያህል ከመጀመራቸው በፊት መምህር ደሳለኝ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ። «አቶ ኩማ! ሐሳብዎ ልባችንን ነክቶታል። መብራቱ ቦዩ ጋ ይቁም ያሉት። ተሰብሳቢው በጣም አድንቆዎታል።»

ቅድስት መሬት መሬቱን አየች። አቶ ኩማ በሕይወታቸው ሐሳባቸው ልብ ነክቶ አያውቅም፤ ሲነካ ደግሞ መካድ ከባድ ነው።

«እንግዲህ...» አሉ ቀስ ብለው። «ከማሰብ አልቦዝንም።»

«ታዲያ ጫማ አውልቀው መሮጡስ?» አሉ አቶ ምንያህል።

«መሮጥ?» ትንሽ አሰቡ። «እሱማ... ለሰፈር ሲባል ምን የማይደረግ አለ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። እጅ ሲቆጠር አስር ቤት ለቦዩ፣ አራት ለአዳራሹ፣ ሁለት ለሱቁ ሆነ። አንዱ አባወራ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ የቆነጠጠው የለም። ቃለ ጉባኤው «አቶ ኩማ በአካል ባይገኙም ላሳዩት የነዋሪነት ስሜት» ምስጋና አቀረበ። ምሰሶው በነጋታው ከሰዓት እንዲተከል ተወሰነ። ቅድስት በአቶ ኩማ ስም ትይዩ ፈረመች። የራሷ ስም የሚጻፍበት መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።

ሲወጡ ወይዘሮ ሮማን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ጎበዝ ነሽ ልጄ፤ መልእክት አታዛቢም።»

ቤት ስትገባ ሶልያና ቆማ ጠበቀቻት። «እሺ?»

«ቦዩ ጋ ሆነ። ነገ ይተክሉታል።»

ሶልያና አፏን በእጇ ሸፍና አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ በቃ» አለች። «አንቺ ነሽ የተናገርሽው?»

«አቶ ኩማ ናቸው።»

«ማን? እኒያ ሰውዬ?»

«አዎ። ሲናገሩ ብትሰሚያቸው...» ቅድስት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥባት ሲል ስልኳ ጠራ። አዳማ ነው።

«ቅድስት» አሉ አቶ ኩማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሦስት ሰው ደውሎ አመሰገነኝ። ለመሆኑ ምን ምን ነበር ያልኩት?»

ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ልብ መምታቱን፣ ድንጋዩን፣ ውሻውን። ሳያቋርጡ አዳመጡ።

«ደህና ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ፣ እውነት በባዶ እግር ትሮጣላችሁ እንዴ?»

«እንሮጣለን።»

አቶ ኩማ «በይ እንግዲህ፣ እረፊ» ብለው ዘጉ። ቅድስት ልብሷን ሳትቀይር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።