የወንድሜን ሲስተም ያጠፋሁ ቀን

ባለፈው ሳምንት ናይሮቢ፣ ጊጊሪ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ኬንያዊ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ሁለት ሲስተም ተጭኖበታል። አንደኛውን መጠቀም ከተወ ቆይቷል፤ ቦታ ስለያዘበት እንዳጠፋለት ፈለገ። "ዳዳ ሩት፣ ለአንቺ ይሄ ምንም አይደለም" አለኝ፣ ዳዳ በስዋሂሊ እህቴ ማለቱ ነው፣ ሻይም ሊያመጣ ወጣ። ልክ ነው፣ የዕለት ሥራዬ ነው። ሆኖም ማሽኑ "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ዛሬም እጄ ትንሽ ይቆማል። ውጭ ዛፎቹን ጭጋግ ሸፍኗቸው ነበር፤ ሐምሌ ናይሮቢ ውስጥ ፀሐይ የማይታይበት ወር ነው። የወንድሜን ያጠፋሁበት ያ ቀንም ልክ እንደዚህ ያለ ቀን ነበር።

ያኔ የምንኖረው ካሳራኒ ነው፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ አንድ ፎቅ ቤት ላይ። መንገዱ እየተሠራ ስለነበር በበጋ አቧራው መጋረጃችንን ያለብሰዋል፣ ሲዘንብ ደግሞ ከማታቱ ታክሲ ወርዶ ቤት እስኪደርስ የሰው ጫማ ከጭቃ አይለይም። አባቴ ኪሊማኒ አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ገዢ ነበር። እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን ለሕፃናት ሰንበት ትምህርት ታስተምራለች። እኔ የኮምፒውተር ኮሌጅ ገና መጀመሬ ነው።

ቤት ያለችውን አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ለሁለት የከፈላት ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ነበር። በአንዱ ወገን ለቤተሰቡ ዊንዶውስ ተወልን፤ በሌላው ወገን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጭኖ ለራሱ ያዘው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሙዚቃ ኪቦርድ ይጫወት ስለነበር ልምምዱን የሚቀዳው እዚያ ነው። ኮምፒውተሯ ስትበራ የሁለቱ ሲስተሞች ስም ተጽፎ ይመጣና ትንሽ ትጠብቃለች። ቁልፍ ተጭኖ የእኛን የሚመርጥ ሰው ካልተገኘ፣ ራሷ ወደ ብሩክ ወገን ትገባና ስሙን አውጥታ የይለፍ ቃል ትጠይቃለች። "አየሽ፣ ኮምፒውተር እንኳ ታላቅና ታናሽ ያውቃል!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ብሩክ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ አጣ። በስደተኛ ወረቀት የሚቀጥረው አልተገኘም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል፣ ከሰዓት ጫማውን አቧራ አልብሶ ይመለሳል። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። ሲደውል ታንዛኒያ ገብቷል፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚወስዱ ሰዎች ጋር ነበር። "አባዬ፣ አትቆጣ። ስደርስ እደውላለሁ" አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ደወለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አብሮት የሄደ ልጅ ከማላዊ እስር ቤት ተፈትቶ ተመለሰ። ወላጆቼ ኢስሊ ሰፈር ሄደው አገኙት። ብሩክ በጭነት መኪናው ውስጥ ትኩሳት ይዞት ነበር አላቸው። ሾፌሩ ጫካ መሀል አቁሞ ከሌላ በሽተኛ ጋር አወረዳቸውና መኪናው ሄደ። ልጁ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ወላጆቼ ቤት ተመልሰው ራት ሳይበሉ ተኙ። ስለዚያ ነገር በቤታችን ማንም አላነሳም። ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ሬሳም መርዶም በሌለበት ለማን ነው የሚለቀሰው?

የዚያን የሐምሌ ቅዳሜ ረፋድ እናቴ ቻፓቲ ልትጋግር ዱቄት እያቦካች ነበር። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ኮምፒውተሯ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ።

"ሩትዬ፣ ያንን የብሩክን ነገር ማጥፋት ትችያለሽ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"የቱን፣ እማዬ?"

"ስሙን የሚያመጣውን። ለልጆቹ ትምህርት ልጽፍ እከፍታታለሁ። ሌላ ነገር እያሰብኩ ቁልፏን ሳልነካ እቀራለሁ፣ ስሙ ይመጣል። የሚስጥር ቃል ይጠይቀኛል። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት?"

"ቅደም ተከተሉን ልቀይረው እችላለሁ። የእኛ መጀመሪያ ይሆናል።"

"ስሙ አይመጣም?"

"ሊኑክስ የሚለው ከታች ይታያል።"

"እንግዲያው አጥፊው" አለች። "እሱን ሳይ ነው የሚብስብኝ።"

አባቴ መኝታ ክፍል ሆኖ ሰምቶ ኖሯል፣ ወጣ።

"ማን ነው የሚጠፋው? ልጁ መጥቶ ዕቃዬ የት አለ ቢለኝ ምን ልበለው?"

እናቴ እጇን ከሊጡ አላወጣችም። "ኢስሊ የነገሩንን አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ሲያወርዱት አየሁ አለ እንጂ ሲሞት አየሁ አላለም።"

ሞት የሚለው ቃል በቤታችን ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም እኔን አዩኝ። በዚያ ዕድሜዬ በእናትና በአባት መሀል መቆም ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

"መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ልገልብጠው" አልኩ። "ምንም አይጠፋም።"

ብሩክ ሲስተሙን የጫነበት ሲዲ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሯን በእሱ ካስነሷት የይለፍ ቃሉ ሳያስፈልግ ፋይሎቹን ማየት ይቻላል። ተከፈተ። የተለየ ነገር የለውም፦ የኮሌጅ ሥራዎቹ፣ የጓደኞቹ ፎቶ፣ የኪቦርድ ልምምዶቹ። ወደ ፍላሽ መገልበጥ ስጀምር አባቴ ወንበር ስቦ ከኋላዬ ተቀመጠ።

"ከመዝሙሩ አንዱን ክፈቺ" አለኝ።

ከፈትኩ። መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት ተሰማ፣ ከዚያ የብሩክ ጉሮሮውን መጥረግ። ኪቦርዱ ጀመረ፣ ጥቂት ሄዶ ቆመ። "እማዬ፣ በሩን ዝጊልኝ፣ እየቀዳሁ ነው!" አለ። ራቅ ካለ ቦታ የእናቴ ድምፅ መለሰለት፣ "ዘግቼዋለሁ፣ የእኔ ጌታ!" አለችው። ኪቦርዱ እንደገና ጀመረ።

ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከእነ ዱቄቷ። አላለቀሰችም። አፏ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ዛሬም መልስ ልትሰጠው የፈለገች ይመስል ነበር። መዝሙሩን እስኪያልቅ ሰማነው።

"ይሄ ተቀምጧል?" አለ አባቴ በመጨረሻ።

"ፍላሹ ላይ አለ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው እናትሽን አታስጨንቂያት። ያለችሽን አድርጊ።" ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። በሩን ሲዘጋው እንኳ ድምፅ አልተሰማም።

ወደ ዊንዶውስ ገብቼ የብሩክን የዲስክ ክፍል መረጥኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ተባልኩ። እናቴን አየኋት፤ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ተጫንኩት። በዲስኩ ሥዕል ላይ የእሱ ቦታ ወደ ጥቁር ተለወጠ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ።

ኮምፒውተሯን አጥፍቼ ሳበራት ግን አልተነሣችም። ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ መጣ። ያልተማርኩት ነገር ነበር። አሰብ አሰብ ሳደርግ ነው የገባኝ፤ ስሞቹን እያመጣ የሚያስመርጠው ፕሮግራም ራሱ የተቀመጠው በብሩክ ክፍል ውስጥ ነው፣ አብሮ ጠፍቷል።

"ምን ሆነች?" አለች እናቴ።

አስረዳኋት። "እሱ ነበር እንዴ ለእኛም የሚከፍትልን?" አለች።

"አዎ፣ እማዬ።"

የዊንዶውስ ሲዲ ልዋስ ጭቃውን እየዘለልኩ ሰፈራችን ካለው ሳይበር ካፌ ሄድኩ። ባለቤቱ ምዋንጊ ብሩክን ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ አብረው ሻይ ይጠጡ ነበር። የማደርገውን ስነግረው ሲዲውን ከመስጠቱ በፊት በሁለት እጁ እጄን ያዘኝ። "ፖሌ ሳና" አለኝ፣ "ፖሌ ሳና፣ ዳዳ።" ለወንድሜ ሐዘን የተቀበልኩት የመጀመሪያው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" በስዋሂሊ ነበር ማለት ይቻላል።

በሲዲው አስተካከልኳት። ኮምፒውተሯ ስትበራ ምንም ሳትጠይቅ፣ ማንንም ሳትጠብቅ በቀጥታ ወደ እኛ ወገን ገባች። እናቴ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ከጎናችን የምትኖረው ማማ ዋንጂሩ በሩን ሳታንኳኳ ገባች፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አቅፋ ያዘቻት። አባቴ ዳቦ ይዞ ሲመለስ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ነበር። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መሬት ላይ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ። ሻይና እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ማንዳዚ፣ የተቀቀለ ምስር ይዘው ነበር። ሽማግሌው ሲጸልዩ በጣም ተጠንቅቀው ነው፤ ሞተም አላሉ፣ አለም አላሉ። "ጌታ ሆይ፣ ያለበትን አንተ ታውቃለህ" ብቻ አሉ። አባቴ ያን ቀን ጭንቅላቱን እንደደፋ ዋለ። ከዚያ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት እስኪያርፍ ድረስ፣ የብሩክን ስም ሲጠራ አልሰማሁም። አይጠፋም ብሎ የተሟገተው እሱ ነበር።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ከማላዊም ከሌላም ቦታ እስከ ዛሬ ምንም ወሬ አልመጣም። ለብዙ ጊዜ እናቴ ያን ቀን ተስፋዋን የቆረጠች፣ አባቴ ደግሞ ያልቆረጠ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋ እንዲያ እንዳልሆነ ገባኝ። እሷ ያቃታት መጠበቁ አልነበረም፤ በየቀኑ የሚስጥር ቃሉን መጠየቋ ነው። ሰው በልቡ የሚጠብቀውን በዓይኑ ማየት ላይችል ይችላል።

እሑድ ዕለት ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጡ ቤተሰቦች ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ወጣቷ እናት ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ታወራታለች።

"ስንት ልጆች አሉዎት፣ እማማ?"

"ሁለት ናቸው" አለች እናቴ። "ይህቺ ትንሿ ናት።"

"ትልቁስ የት ነው?"

"መንገድ ከወጣ ቆየ።"

"በሰላም ይመልስልዎት" አለቻት ሴትዮዋ።

እናቴ "አሜን" አለች። እኔም አብሬያት አልኩ።