እትዬ ጠርሙስ እና የፓፓያ ዘር ናፍጣ

አክስቴ የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ተማሪዎች «እትዬ ጠርሙስ» ይሏታል፤ በስሙ አትቀየምም። እኔ ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ከእኔ በፊት የነበሩትም ሲያስተምሩ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ከኋላ ቆማ እያጠበች ስትሰማ ኖራለች።

አንድ ወቅት የሰፈራችን ጭማቂ ቤት የሚጥለውን ጥቁር የፓፓያ ዘር በባልዲ በባልዲ ታመጣ ጀመር። ለሳምንታት ስታደርቅ ከርማ ዘይት መጭመቂያ ቤት አስጨመቀችውና ርእሰ መምህሩ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ከዚህ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ልሥራ።»

እዚያው የነበረው የትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር መካኒክ በሳቅ ፈረሰ። «ምነው እትዬ፣ ሞተሩ ሆዴን አመመኝ አለሽ እንዴ?»

ርእሰ መምህሩ ግን አልሳቁም። ሁለት ጊዜ እንድትሞክር ፈቀዱ፤ ካልሆነላት ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ ከማጠብ በቀር ሌላ ሥራ እንዳታስብ አስጠነቀቋት።

ዘይቱን አሞቀችው። እኔ ዘይትን ወደ ናፍጣ የሚቀይሩትን ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ ለክቼ ቀላቀልኩላት። ሲበርድ ብናየው የረጋ ዝልግልግ ነገር ሆኗል። መካኒኩ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ሳሙና ነው እኮ! ሸሚዜን ላምጣልሽ?» አላት።

እኔ የተማርኩት ሰውዬ ልኬቴን ስመረምር ዋልኩ። እሷ መደርደሪያው ላይ ተደፍተው የሚንጠባጠቡትን ጠርሙሶች ስታይ ቆየችና ግንባሯን መታች።

«ወይኔ ልጄ! ያበላሸሁት እኔው ነኝ!»

እውነቷን ነበር። ንጹሕ ዕቃም ቢሆን ሳታለቀልቀው ሥራ አትጀምርም። ዘይቱን ሳሙና ያደረገው ከማለቅለቁ በኋላ ጠርሙሶቹ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው።

ለሁለተኛው ሙከራ ጠርሙሶቹ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋሉ። ዘይቱንም ውሃው እንዲያልቅ መንጨርጨሩ እስኪያቆም አሞቀችው፤ በረድ ሲል እኔ ሜታኖሉንና ሶዳውን ጨመርኩበት። የመጠጥ ውሃ ይዤ ብቀርብ፣ «ወዲያ በል አንተ!» ብላ አባረረችኝ። በማግስቱ ግሊሰሪን የሚባለው ወፍራም ተረፈ ምርት ከታች ዘቅጦ፣ ከላይ እንደ ቀጭን ሻይ የጠራ ፈሳሽ ቆመ። አሁን ናፍጣ ስለሆነ ውሃ አያበላሸውም፤ የተረፈው ሶዳ እንዲወጣለት በውሃ ማጠብና መልሶ ማድረቅ ነበረብን። ማጠብ የሚል ቃል ስትሰማ ፊቷ በራ።

መካኒኩ ፊቱን አጨፍግጎ ጄኔሬተሩ ውስጥ ሞላው፤ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አንዴ አሳለው፤ ሁለቴ አሳለው፤ ከዚያ ጉሮሮውን የጠረገ ይመስል ያለማቋረጥ ይዘፍን ጀመር። የክፍሎቹ መብራት ሁሉ በራ። ርእሰ መምህሩ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ጋ ይሁን እትዬ።»

አክስቴ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጠረች። መካኒኩ የተረፈውን ናፍጣ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ጀሪካኑን ወደ ኋላ ሸሸግ አደረገች።

«እጅህ እርጥብ ነው። አድርቅና ና።»

«እሺ እትዬ» አለ፤ ሱሪው ላይ ጠረገና እንደ ተማሪ ቆሞ መዳፉን አሳያት።