ወረቀት ጨርቅ አይደለም

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ "እርግጠኛ ሳትሆን የሰው ጨርቅ ላይ መቀስ አታሳርፍ" ይለኝ ነበር። ይህች ምክር ቤተሰብ አስተዳድራልኛለች። ከትምህርት ግን ልታስቀረኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ከክፍል ወደ ክፍል ባለፈች ቁጥር መጽሐፎቿን እየተቀበልኩ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ዘርግቼ በራሴ ተማርኩ። የልብስ ንድፍ ኮሌጁ ማመልከቻዬን ሲያይ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ፕሪ ካልኩለስ የሚባለውን የማታ የሒሳብ ኮርስ እንዳልፍ። "ከወደቁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል" አሉኝ።

የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ ወረቀቴ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። መምህሩ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረኝና ከዘለልኳቸው ጥያቄዎች አንዱን አነበበልኝ። ቆሜ በቃል መለስኩለት።

"ጋሼ፣ ያውቁታል እኮ! ታዲያ ለምን አልጻፉትም?"

"እርግጠኛ አልነበርኩማ።"

"እርግጠኛ ካልሆኑስ?"

"መቀስ አላሳርፍም።"

ልብስ ሰፊ መሆኔን ያውቃልና ሳቁ አመለጠው። "ወረቀት ጨርቅ አይደለም፣ ጋሼ። ቢበላሽ ባለቤቱ አይጣላዎትም። ከዛሬ ጀምሮ የቤት ሥራዎን በእስክሪብቶ ይሥሩልኝ። ስርዝ የሌለው ወረቀት ካመጡ አላርምም።"

እጄ እሺ አላለኝም። የተሳሳተ መስመር በጻፍኩ ቁጥር ውድ ሱፍ ያበላሸሁ ያህል ላብ ያጠምቀኝ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ከኋላዬ ቆማ ደብተሬን አየች።

"አባዬ፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ ዶሮ ጫረችው?"

"ዝም በይ! ዶሮም ጭራ ነው የምታገኘው።"

የመጨረሻው ፈተና ቀን በሩ አጠገብ ቆም ብዬ "ጌታ ሆይ፣ እጄን ፍታልኝ" አልኩና ገባሁ። ከባዱ ጥያቄ ስለምትዞር መንኮራኩር ነበር። ጠርዟ ላይ ያለች ነጥብ ከታች ትነሳለች፤ በየደቂቃው ከፍታዋን የሚያሳይ ቀመር ጻፉ ይላል። በሳይን ጻፍኩት። በጊዜው ቦታ ዜሮ ሳስገባ ነጥቧ ከመሃል ተነሳች። ሰረዝኩ። በኮሳይን ጻፍኩ፤ ይባስ ብላ ከላይ ተነሳች! ድሮ ቢሆን እስክሪብቶዬን ከድኜ እቀመጥ ነበር። እንደገና ሰረዝኩና ከኮሳይኑ ፊት የመቀነስ ምልክት ጨመርኩ። ነጥቧ ቁልጭ ብላ ከታች ተነሳች፤ ላይ ወጣች፣ ዞራ ተመለሰች። ብቻዬን ሳቅኩ። ፈታኙ ዞር ብሎ አየኝ።

ውጤት የተሰጠ ዕለት መምህሩ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ያዘ።

"እንዲህ የተሰራረዘ ወረቀት አርሜ አላውቅም" አለ። ወረቀቱን ገልብጦ ውጤቱን አሳየን። "ዘጠና አንድ! ጋሼ፣ ኮሌጁ እየጠበቀዎት ነው።"

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ አየችና "ዶሮዋ አገኘች!" ብላ ጮኸች። እናቷ "የምን ዶሮ ነው ደግሞ?" እያለች ከጓዳ ስትወጣ፣ እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ አምላኬን አመሰግን ነበር።

ወረቀቱ አሁን ከስፌት መኪናዬ በላይ ተለጥፏል። ደንበኞቼ ስርዙን እያዩ ይስቃሉ። ይሳቁ። የእነሱን ጨርቅ ግን ዛሬም ደጋግሜ ሳልለካ አልቆርጥም።