ለበጎቹ የማያፍረው ኬልቪን

ኬልቪን ድሬየር የበጎቹን በጠጥ በፖስታ ሲልክ አፍሮ አያውቅም። ሰው ተሰልፎ እያለ ከረጢቱን ባንኮኒዬ ላይ ዱብ ያደርግና «ዶሪን፣ ይቺን ለላቦራቶሪ! ትል ካለባቸው ዛሬ ነገ ሳልል መድኃኒት ልስጣቸው» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህች ከተማ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የራሱን ግን አንድም ቀን ልኬለት አላውቅም።

ሃምሳ ከሞላው ጀምሮ መንግሥት በየሁለት ዓመቱ የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ በነፃ ይልክለታል። ከሰገራህ ነካ አድርገህ፣ ብልቃጥ ውስጥ ከተህ መመለስ ነው፤ በቃ! መጀመሪያ «የሸለታ ሰሞን ነው» አለ። ቀጥሎ «ሙቀቱ ያበላሸዋል» አለ፤ ሐምሌ ነበር፣ ጣታችን በብርድ ደንዝዟል። በሦስተኛው በሚስቱ በሞሪን አሳበበ። ናሙናው እስኪላክ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያልና «ከሥጋዬ አጠገብ አላስቀምጥም ብላለች» አለኝ።

«ውሸታም!» አለች ሞሪን ስጠይቃት። «ካልሲው ሥር ነው የደበቀው። አባቱ በዚሁ በሽታ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው የሞተው፤ እሱ አሁን ሃምሳ ስድስት ሞላው።» አለቀሰች። ደሜ ፈላ።

አራተኛው በመጣ ሰሞን ኬልቪን የበግ ከረጢቱን ይዞ ከች አለ።

«የራስህን ካላመጣህ የበጎችህን አልልክም!» አልኩት።

«ሕግ አለ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ክሰሰኛ!»

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ «በጎቹ ላይ ቢገኝ የምሰጣቸውን አውቃለሁ። እኔ ላይ ቢገኝስ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እፍረት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰውዬው ፈርቷል!

«አባትህም እንዳንተ ፈርቶ ነው የሞተው» አልኩት። አፈ ክፉ ነኝ።

«ለአባዬ ማን ላከለትና!» ብሎ ጮኸብኝ። ያለውን ራሱም የሰማው ያኔ ነው። ከረጢቱን ትቶልኝ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት የራሱን ፖስታ አመጣ። «ጸልዪልኝ» አለኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው ሰውዬ።

ደም ተገኘበት። በትልቁ ሆስፒታል አንጀቱን በካሜራ ሲያዩት አንዲት እባጭ አገኙ፤ ወደ ካንሰር ሳትለወጥ እዚያው ቆርጠው አወጧት።

ሞሪን እየሳቀች ስትነግረኝ ኬልቪን ውጭ መኪናው ውስጥ ነበር። ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል።

«ምነው? ዳንክ እኮ!»

«ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም፣ ዶሪን» አለኝ። «አባዬ በግማሽ ሰዓት ይተርፍ ነበር።»