በጥርስ የታሰረ ክር

ወተት ሻጯ ጣቶቿ አብጠው አልታጠፍ ያሏት ቀን፣ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ነጭ ክር በጥርሷ ትቋጥራለች። የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ቀይ። ሰባት ወር ሙሉ ነጩ ቀዩን በሦስት ቀን ሲቀድመው አይታለች።

ዛሬ ጅጅጋ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ይህንኑ በሶማልኛ ዘርዝራ ተናገረች። አስተርጓሚው አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «ብርድ መታኝ ነው የምትለው» አለ። ሐኪሙም ቀና ሳይል፣ «ወፍራም ልብስ ትልበስ በላት» ብሎ መጻፉን ቀጠለ።

አማርኛ ትችል እንደሆነ የጠየቃት የለም። ለወታደር ሚስቶች ሃያ ዓመት ወተት የሸጠችው ግን በአማርኛ ነው። ደሟ ፈላ። የነጠላዋን ጫፍ ወረቀቱ ላይ ዘረጋችው።

«ዶክተር» አለች፣ «ብርድ በየወሩ ቀን ቆጥሮ ይመጣል?»