ሳይነካ የተመለሰው የዘነበች ትሪ

ዘነበች የምትባለው ጎረቤቴ ለማንም ሰው የግድብ ዓሣ አብልታ አታውቅም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ ሰፈር፣ በአቃቂ፣ ስሟ ያለ ጥፋቷ ጠፍቷል። ያጠፉት ሰዎች እስከ ዛሬ በሰላም ያስቀድሳሉ፣ በሰላም ይበላሉ። እኔ እውነቱን እያወቅሁ ዝም ያልኩት በመሐላ ታስሬ ነው። ያሰረችኝም እሷው ናት። ባለፈው ክረምት ማረፏን ሰማሁ። መሐላው እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ስለነበር አሁን ተፈትቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ገላን ኮንዶሚኒየም ሰው ገብቶበት ገና ደረጃው ላይ ሲሚንቶ በሚረገጥበት ዘመን ነው። እኔና ባለቤቴ ታደሰ ሁለታችንም ከክር ፋብሪካው ጡረታ ወጥተን በቀበሌ ቤታችን እንኖር ነበር። ዘነበችም የፋብሪካው ሠራተኛ ነበረች፤ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ቀኝ እጇ ላይ የመሀል ጣቷ ግማሹ የለም። ማሽኑ ነው የወሰደው። ያን ቀን ማሽኑን ያጠፋው፣ ሸሚዙን ቀዶ እጇን ያሰረውና ተሸክሞ ክሊኒክ ያደረሳት ታደሰ ነው። በኋላም አለቆቹ «በራሷ ጥፋት ነው» ብለው ሊያባርሯት ሲሉ፣ የማሽኑ መከለያ ከተነሣ መቆየቱን ቆሞ መሰከረላት። በዚህ ምክንያት ለእሱ የነበራት ፍቅር የአባት ያህል ነበር።

ባሏ ሲሞትባት ልጇን ለማሳደግ የዓሣ ሳምቡሳ መሥራት ጀመረች። ዘነበች የዝዋይ ልጅ ናት፤ ወንድሟ እዚያው ሐይቁ ላይ ዓሣ ያሰግራል። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በበረዶ አድርጎ በሚኒባስ ይልክላታል። እሷ ትቀቅለዋለች፣ እሾሁን አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አድርጋ ትጠቀልለዋለች። ከዚያ ሳይጠበስ በዲፕ ፍሪጅ አቀዝቅዛ በፌስታል ትሸጣለች። በጾም ወራት ፌስታሉን ወስዶ ቤት መጥበስ ብቻ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼዋለሁ። በእኛ ሰፈር ይበላል።

ችግሩ የመጣው ከዋጋው ነው። የእሷ ሳምቡሳ ከሌላው ሁሉ ይረክሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከወንድም ወደ እህት የሚመጣ ዓሣ መሀል ላይ ደላላ የለበትም። ሰው ግን ርካሽ ነገር ሲያይ ምን ጎደለው ብሎ ይፈልጋል። ከእኛ በታች አንድ ግድብ አለ። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካው ቀለም ሁሉ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ዓሣ አለው ይባላል። ወንዙ ዛሬ ቀይ ነገ ሰማያዊ ሆኖ በደጃችን ሲያልፍ የምናይ ሰዎች ግን ከዚያ የወጣ ነገር አንቀምስም። ታዲያ አንድ ቀን የዕድራችን የሴቶች ሰብሳቢ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ «ይኼ የዘነበች ዓሣ እንዲህ የረከሰው ከግድቡ ቢሆን ነው እንጂ» አለች። አየሁ አላለችም። ቢሆን ነው ነው ያለችው። ማታ ላይ ወሬው «ነው» ሆነ።

እኔ በሰው ወሬ አልፈርድም። ዘነበችን ሄጄ በፊት ለፊት ጠየቅኋት።

«ዓሣው ከየት ነው?»

«እትዬ፣ እርስዎም?»

«እኔም። ከየት ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ይዛኝ ሄደች። ሚኒባሱ ከዝዋይ ሲደርስ ከረዳቱ እጅ ሣጥኑን ስትቀበል አብሬያት ቆምኩ። የወንድሟ ስም ሣጥኑ ላይ በቀለም ተጽፏል። ረዳቱ «እቴቴ፣ ዛሬ ደግሞ ጠባቂ ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ ቀለደባት። ይህን አይቼ ተመልሼ ለጥሩወርቅ ነገርኳት።

«ከዝዋይ ከሆነ ለምን እንደ ዝዋይ አትሸጠውም?» አለችኝ።

ይህንንም ለዘነበች ነገርኳት። ዋጋውን ከፍ አደረገች። ጥሩወርቅ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አያችሁ! የግድቡን በዝዋይ ዋጋ!» ከዚያ በኋላ ከሰፈራችን ከእኔ በቀር የሚገዛት አልነበረም። ዲፕ ፍሪጁ ግን ሲሞላና ሲጎድል አያለሁ። ለማን ነው የምትሸጠው ብዬ ባስብም አልጠየቅኋትም።

ታደሰ ያረፈው በጾመ ነቢያት ነው። ለደቂቃ ጋደም ልበል ብሎ በዚያው ቀረ። ድንኳን ተተከለ፣ ዕድሩ ወጣ። እኔ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጬ የሚመጣውን ሁሉ እያየሁ ምንም አላይም ነበር።

በሠልስቱ ቀን ዘነበች ትልቅ ትሪ ተሸክማ መጣች። በነጭ ጨርቅ ሸፍናዋለች። ትሪውን ለአስተናጋጆቹ ሰጥታ እግሬ ሥር ወድቃ አለቀሰች። ቀና ስል ጥሩወርቅ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ገለጥ ስታደርግ አየኋት። መልሳ ሸፈነችውና ትሪውን በእግሯ ወደ አግዳሚው ሥር ገፋችው። በእጇ እንኳ አይደለም።

«ለቀስተኛ ልታስፈጅብን ነው እንዴ?» አለች አጠገቧ ላለችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ ግን ድንኳን ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ የለም። አንዷ ሳቀች። በባሌ ልቅሶ ላይ ሳቀች።

የልጄ ሚስት ሰናይት ክፉ ሰው አይደለችም። ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት እነሱ ናቸው፤ እሷ ቢሮ ነው የምትሠራው። «እማዬ፣ እንግዳ ስለበዛ እኛ ጋ ካለው ሱፐርማርኬት ሳምቡሳ ላስመጣ» አለችኝ። አስመጣች። ዓሣ የተሳለበት የሚያምር ካርቶን ነው። በላዩ ላይ «ምርጥ የአርባ ምንጭ ዓሣ ሳምቡሳ» ይላል። ዋጋው የዘነበችን እጥፍ ነው። ካርቶኑ ከእጅ እጅ ሲዞር ሰማሁ። «እንዲህ ነው እንጂ! ከአርባ ምንጭ ነው!» ጥሩወርቅ ናት። ሳምቡሳው ተጠበሰ፣ ለሁሉም ታደለ። ሰው በላ፤ ደገመ። ዘነበች ጥግ ላይ ብርጭቆ እያጠበች ታያለች፤ እንባዋ ይወርዳል። እንደዚያን ጊዜ አንጀቴ ተቆርጦ አያውቅም። ባሌን ቀብሬ፣ ለሌላ ሰው አንጀቴ የሚቆረጥ አልመሰለኝም ነበር።

«ለነፍስሽ ያህል ቅመሺ» ብለው ለእኔም አንድ በእጄ አስያዙኝ። ልበላው አልነበረም። ዝም ብዬ ጫፉን እዳስሳለሁ።

ሳምቡሳ ሲዘጋ ጠርዙ በሦስት ጣት ጫን ጫን ይደረጋል። የዘነበች የመሀል ጣት ግን አጭር ስለሆነ አይደርስም። ስለዚህ የእሷ ሳምቡሳ ጠርዝ ላይ አንድ ጎድጓዳ አለ፣ ቀጥሎ ልሙጥ ቦታ፣ ቀጥሎ ሌላ ጎድጓዳ። እንደ ወለቀ ጥርስ ነው። ስንት ጾም በልቼዋለሁ። አሁን እጄ ላይ ያለው፣ ከአርባ ምንጭ የመጣው፣ ያንኑ የወለቀ ጥርስ ይዟል። አጠገቤ ካለው ሳህን ሌላ አነሣሁ። እሱም እንደዚያው ነው።

ዘነበችን አየኋት። እሷም እኔን እያየች ነበር። ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች፤ አይናገሩ ማለቷ ነው። አመሻሹ ላይ ትሪዋን ከአግዳሚው ሥር አወጣች። ጨርቁ እንደ ተሸፈነ ነው። ራሷ ላይ አድርጋው ሄደች።

ከአርባው በኋላ ሱፐርማርኬቱ ሄድኩ። ካርቶኑን አንሥቼ ባለቤቱ ፊት አስቀመጥኩ። ጎልማሳ ነው፣ ሥርዓት ያለው።

«ይኼ ከየት ነው የመጣው?»

«ከአርባ ምንጭ ነው እማማ። ጽሑፉ አለ እኮ።»

«ጽሑፉንማ አንብቤዋለሁ፤ መሠረተ ትምህርት ለምን ተማርኩ? አርባ ምንጭም የመሀል ጣቷ የተቆረጠ ዘነበች አለች ወይ?»

ወደ በሩ አየ። ከዚያ ወንበር አቀረበልኝና ድምፁን ቀነሰ።

«እማማ፣ ሰው ዓሣ ብቻ አይደለም የሚገዛው፣ ዓሣው የመጣበትንም አገር ነው። እዚሁ ጎረቤት የተሠራ ነው ብል ማን ይነካዋል? ዋጋውን ብቀንስ ደግሞ ከግድቡ ነው ይላሉ። እኔ ባልወስድላት እሷስ ለማን ትሸጠዋለች?»

«ስሟን ጻፍበት።»

«ስሟን የጻፍኩ ቀን ሁለታችንም ዘጋን ማለት ነው።»

እውነቱን ነው እንዳልል ውሸት ነው፤ ውሸት ነው እንዳልል ትክክል ነው። ተናድጄ ወጣሁ። በቀጥታ ዘነበች ቤት ገብቼ፣ «በሚመጣው እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ ሁለቱን ሳምቡሳ ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳያቸዋለሁ» አልኳት። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የቀሚሴን ጫፍ ያዘች።

«እትዬ፣ በጋሼ ታደሰ አጥንት ይዤዎታለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ነገር ከአፍዎ እንዳይወጣ!»

«ምን ነካሽ? ስምሽን እኮ ነው የማጠራልሽ!»

«ስሜ የልጄን ትምህርት ቤት አይከፍልም። የኔ መሆኑን ካወቁ እሱም ይተወኛል።»

በሌላ ነገር ብትይዘኝ እምቢ እል ነበር። በታደሰ አጥንት ተይዤ ግን ምን እላለሁ? በሕይወቴ ሐሰት ሲነገር ዝም ብዬ አላውቅም፤ በፋብሪካም በቀበሌም ስሜ «ተከራካሪዋ» ነበር። ከዚያ በኋላ በስንት ማኅበር፣ በስንት ዝክር ላይ «የአርባ ምንጩን አምጡልን» ሲሉ ሰምቼ ምላሴን ነከስኩ። «ያቺ የግድብ ዓሣ ሻጭ» ሲሏትም ሰማሁ። ቤቷ ሰው አይገባም። እሷ ልቅሶ ስትደርስ ብርጭቆ ማጠብ እንጂ እንጀራ መቁረስ አይሰጧትም። ልጇ ስትዳር የሄድነው እኔና ሰናይት ነን።

በኋላ ቤቷ ያለበት መስመር ለመንገድ ሲፈርስ ወደ ወንድሟ፣ ወደ ዝዋይ ለመመለስ ቆረጠች። ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ብቻ ነኝ። ከዕድሩ አንድም ሰው አልመጣም።

መሞቷን የሰማሁ ዕለት እንባዬን ሳልጠርግ ጥሩወርቅ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ጣቷን፣ ጠርዙን፣ ካርቶኑን። አፏን ያዘችና፣ «ውይ! ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን እጥፍ ስንከፍል ዝም አልሽን?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ነፍስ ይማር እንኳ ያለችው እኔ ቆሜ ስለጠበቅኋት ነው።

ዛሬም ሳምቡሳ ባየሁ ቁጥር ጠርዙን ሳልዳስስ አላልፍም። ሦስቱም ጎድጓዳ ሙሉ ሲሆን አስቀምጠዋለሁ፤ አይወርድልኝም። ልቤ ስብር ያለው በሞቷ ብቻ አይደለም። እሷን ያልተቀበለ አፍ ሁሉ በእሷ እጅ በመጥገቡም ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ለብዙ ዓመት ሲያብከነክነኝ ኖሮ መናኸሪያው ውስጥ ጠይቄያት ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል፣ ረዳቱ «ዝዋይ፣ ዝዋይ!» እያለ ይጮኻል። ክንዷን ይዤ፣ «እንደማይነኩልሽ ታውቂ ነበር። ታዲያ ለምን ያን ትሪ ይዘሽ መጣሽ? ያን ሁሉ እንባስ ለምን አፈሰስሽ?» አልኳት።

ዘነበች በጎደለው እጇ ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«ትሪውን የያዝኩት ለጋሼ ልቅሶ ባዶ እጄን መምጣት ስላልቻልኩ ነው። ቢተዉትም ግድ የለኝም ብዬ ነበር። ከዚያ ካርቶኑ ሲመጣ አየሁ። ሁሉም በሉ፣ እትዬ። ጥሩወርቅ እንኳ ሦስት በላች። ለጋሼ ነፍስ ሰው ሁሉ ከእጄ በላ። ያለቀስኩት እኮ ደስ ብሎኝ ነው።»